የቮልስን ዘይት ሳያቃጥሉ የዓባይን በረሃ መውጣት

በቮልስ ከባሕር ዳር ተነሥቶ አዲስ አበባ ለመግባት ያሰበ ሰው ከመንገዱ ሁሉ አጥብቆ ሊዘጋጅበት የሚገባው ክፍል ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን ያለው የዓባይ በረሃ ነው። ከደጀን ወደ ድልድዩ ቁልቁል፣ ከድልድዩ ወደ ጎሃ ጽዮን ሽቅብ፣ በእያንዳንዱ ወገን ከ1,300 ሜትር የማያንስ ከፍታ የሚቀየርበት፣ በድምሩ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ጠመዝማዛ መንገድ ነው። በዳገቱ ላይ ሞተሩ ሙሉ ጭነቱን ተሸክሞ፣ በዝቅተኛ ፍጥነትና በሞቃት አየር፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል ያለ እረፍት ይሠራል። በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተርን ከዚህ የበለጠ የሚፈትን መንገድ እኔ አላውቅም። በውድድር ሜዳ ላይ የሚነዳ ስፖርት መኪና የሚያጋጥመው ችግርም በመሠረቱ ይኸው ነው።

ቮልስ ራዲያተር የለውም፤ ውሃም አያውቅም። ሙቀቱን የሚያስወጡለት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ቬንትሌተሩ በሲሊንደሮቹ ላይ የሚነፋው አየር ሲሆን ሁለተኛው በሞተሩ ውስጥ የሚዞረው 2.5 ሊትር ዘይት ነው። አየሩ ሊደርስበት የማይችለውን የክራንክ ሻፍቱንና የኩሽኔታዎቹን ሙቀት የሚያነሣው ዘይቱ ነው፤ ዘይቱ ደግሞ ያነሣውን ሙቀት የሚያራግፈው በቬንትሌተሩ መንገድ ላይ በተቀመጠችው ትንሽ የዘይት ማቀዝቀዣ ነው። ስለዚህ ሁለቱም የሚኖሩት በአንድ ነፋስ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1998 ድረስ ሞተሩ በነፋስ ይቀዘቅዝ የነበረው ፖርሸ 911 የተከተለው መርሕ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ብዙ ሊትር ዘይት በተለየ ጋን መያዙና ከፊት ለፊት ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ማግኘቱ ነው። የእኛ ቮልስ ይህ ሁሉ ስለሌለው ጉድለቱን የሚሞላው የአሽከርካሪው ጥንቃቄ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ የዘይቱን ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ ማስገጠም ነው። መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው የዘይት መብራት የሚናገረው ስለ ግፊት እንጂ ስለ ሙቀት አይደለም፤ መብራቱ ሙቀቱን የሚነግርዎት ዘይቱ ቀጥኖ ግፊቱ ከወደቀ በኋላ፣ ማለትም ከዘገየ በኋላ ነው። የጌጁ ሴንሰር ዘይቱ በሚጠራቀምበት በሞተሩ ታች ቢገጠም ይመረጣል። ከመገጠሙ በፊት ግን ይፈተሽ። እኔ የራሴን የፈተሽኩት በቡታጋዝ ላይ በተጣደ ትንሽ ድስት ነው፤ ሴንሰሩን በሽቦ አንጠልጥዬ ጫፉ ብቻ በውሃው ውስጥ እንዲሆን፣ የድስቱንም ብረት እንዳይነካ አደረግሁና አካሉን ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር አገናኘሁት። ውሃው ሲንተከተክ ጌጁ 94 ላይ ቆመ። 100 ጠብቄ ስለነበር ጌጁን የተበላሸ አድርጌ ለመመለስ ተነሥቼ ነበር፤ ነገር ግን ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ጌጁ ትክክል ነበር። በዚህ ከተማ ጌጁን በፈላ ውሃ ፈትሾ 100 ያገኘ ሰው ጌጁ ስድስት ዲግሪ ያህል አጋኖ እንደሚያነብ ይወቅ።

ቁጥሮቹን በተመለከተ፣ ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ያለው ዘይቱ በምቾት የሚሠራበት ነው። በረዥም ዳገት ላይ 110 ቢደርስ አያስደነግጥም። 120 ሲቃረብ እግርን ከቤንዚኑ ማላላት ያስፈልጋል፤ 130 ከደረሰ ጉዞውን አቁሞ ማቀዝቀዝ ግዴታ ነው። በሌላው በኩል ከ80 በታች መሆንም ጤና አይደለም። ባሕር ዳር ሜዳማ ከተማ በመሆኗ ከቤት ተነሥቶ ሥራ ቦታ ለመድረስ ዐሥር ደቂቃ ይበቃል፤ ዘይቱ በደንብ ሳይሞቅ ሞተሩ ይጠፋል፤ በውስጡ የሚጠራቀመው እርጥበትም የሚተንበት ጊዜ አያገኝም። የዘይት መሙያውን ክዳን ሲከፍቱ ነጣ ያለ አረፋ ካገኙ ይህ ደርሷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ መኪና ሳምንት ሙሉ በከተማ ከርሞ በቀጥታ ወደ በረሃው መወሰድ የለበትም።

የራስዎን መኪና ጠባይ ለማወቅ ደግሞ በባሕር ዳር ያለውን የዓባይ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ወረታ የሚወስደውን መንገድ ያህል የሚረዳ የለም። በዚሁ መንገድ ላይ እስካለችው ሐሙሲት ያለማቋረጥ በሰዓት 70 ወይም 80 ኪሎ ሜትር ይንዱ፤ በዚያ ፍጥነት ጌጁ የሚረጋበትን ቁጥርና የዕለቱን የአየር ሙቀት በማስታወሻ ይጻፉ። በነፋስ የሚቀዘቅዝ ሞተር አንድ ግልጽ ባሕርይ አለው፤ ጭነቱ ካልተለወጠ የውጭው አየር በዐሥር ዲግሪ ሲጨምር የዘይቱም ሙቀት ወደ ዐሥር ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። አየሩ 24 ዲግሪ ሆኖ ዘይቱ 92 ላይ ከረጋ፣ በበጋ የበረሃው ወለል 36 ሲሆን ገና ዳገቱ ሳይጀመር 104 አካባቢ ሊደርስ ይችላል ብለው አስቀድመው ማስላት ይችላሉ። በዚህ የሐሙሲት ሜዳ ላይ ከ100 የሚያልፍ መኪና ወደ ደጀን ከመሄዱ በፊት ጉድለቱ ሊፈለግለት ይገባል።

ጉድለቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ማንም ከቁም ነገር በማይቆጥረው ቦታ ነው። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ላሜራዎችና በሞተሩና በቦዲው መካከል ዙሪያውን የሚሄደው ላስቲክ ለጌጥ የተሠሩ አይደሉም። ከላይ ያለውን ቀዝቃዛ አየር፣ ከታች ሲሊንደሮቹንና ማርሚታውን ነክቶ ከሚወጣው ትኩስ አየር የሚለዩት እነዚህ ናቸው። ላስቲኩ ከተበጣጠሰ ወይም አንድ ላሜራ ከጎደለ ቬንትሌተሩ የተፋውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። የእኔ መኪና ሞተሩ ወርዶ ከታደሰ በኋላ ሙቀቱ ከቀድሞው ብሶ ነበር፤ ሥራውን የሠራው ጋራዥ ዘይቱን ቢቀይርልኝም አልተሻለም። በመጨረሻ ራሴ የእጅ ባትሪ ይዤ ከኋላ ተንበረከክሁ። ከማርሚታው በላይ የምትቀመጠው ላሜራ የለችም፤ የካንዴላዎቹ ገመዶች በሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች ላይ ሊኖሩ ከሚገባቸው አራት ላስቲኮችም ሁለቱ ጠፍተዋል፤ በአንደኛው ቀዳዳ እጄን ብሰድድ ሞተሩ እየሠራ ስለነበር ነፋሱ ጣቶቼን ገፋቸው። ያ ነፋስ መሄድ የነበረበት ወደ ቴስታታው፣ ማለትም ቫልቮቹ ወዳሉበት የሲሊንደሮቹ ክዳን ነበር። ላሜራዋን ከአሮጌ ቮልስ ላይ አስፈታሁ፤ ላስቲኮቹን ከውስጠኛ ጎማ ቆርጬ ሠራሁ፤ የዙሪያውንም ላስቲክ ለወጥሁ። በዚያው በሐሙሲት መንገድ፣ በተመሳሳይ ፍጥነት፣ ዘይቱ ሰባት ዲግሪ ወረደ። ጋራዡ ላሜራዋን የተዋት ለመገጠም ስለምታስቸግር ይመስለኛል፤ እኔ ግን ይህን ቸልታ ቀላል ጥፋት አድርጌ አላየውም።

ቀጥሎ የሚታየው የማቀዝቀዣው ንጽሕና ነው። የዘይት ማቀዝቀዣዋም ሆነ የሲሊንደሮቹ ክንፎች መካከላቸው ጠባብ በመሆኑ ከሚያልበው ዘይት ጋር የተለወሰ አቧራ በቀላሉ ይደፍነዋል። በፒስታ መንገድ የሚመላለስ መኪና ከሆነ በየዓመቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ተከፍቶ ሊታይ ይገባል። በቬንትሌተሩ የአየር መግቢያም ብጣሽ ላስቲክ ወይም ወረቀት ተስቦ ሊገባ ይችላልና በመብራት ይመልከቱ። በአሮጌዎቹ ሞተሮች ላይ ማቀዝቀዣዋ የምትቀመጠው በራሱ በቬንትሌተሩ ቤት ውስጥ ስለሆነ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚደርሰው አየር በእርሷ በኩል ያለፈና የሞቀ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1971 ሞዴል ጀምሮ በ1600ው ሞተር ላይ ማቀዝቀዣዋ ወደ ጎን ወጥታ የራሷ መተላለፊያ ተሠርቶላታል። ሞተር ሊለውጥ ያሰበ ሰው የኋለኛውን ቢመርጥ ገንዘቡን በሚገባ አውሎታል።

ቬንትሌተሩን የሚያዞረው ቺንጋ ከዲናሞው ጋር አንድ ነው። በሁለቱ ፑሊዎች መካከል በአውራ ጣት ሲጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ቢሰምጥ ልኩ ነው። የላላ ቺንጋ ይንሸራተታል፤ የሚንሸራተት ቺንጋ ደግሞ ብዙ ነፋስ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነፋስን ይነፍጋል። ከመለዋወጫ ቺንጋና ከመፍቻው ውጭ ወደ በረሃው መውረድ የለም። ቴርሞስታቱንም በተመለከተ፣ ብዙ መካኒኮች ያሞቃል ብለው አውጥተው ይጥሉታል። ቴርሞስታቱ በደህና ከሠራ ሞተሩ ሲሞቅ የአየሩን በሮች ሙሉ በሙሉ ይከፍታል እንጂ አይከለክልም፤ ከወጣም በሮቹ በስፕሪንጋቸው ተከፍተው ስለሚቀሩ የሚመጣው ጉዳት ሞተሩ ቶሎ አለመሞቁ ነው። በሮቹን ራሳቸውን ነቅሎ መጣል ግን ስሕተት ነው፤ አየሩን ወደ ቴስታታው የሚያቀኑት እነርሱ ናቸውና።

ስለ ዘይቱ ዓይነት የሚሰማው ምክር ሁሉ "ወፍራም ይሁን" የሚል ነው፤ እኔ ይህን አልቀበልም። በሞተሩ ውስጥ የግፊት መልቀቂያ ፒስተን አለ፤ ዘይቱ ወፍሮ ግፊቱ ሲበዛ ይከፈትና ዘይቱ በማቀዝቀዣው ሳያልፍ እንዲመለስ ያደርገዋል። በጣም የወፈረ ዘይት የሞላ ሰው ዘይቱ ማቀዝቀዣውን እየዘለለ እንዲዞር አደረገ ማለት ነው። ለባሕር ዳር አየር ጥራቱ የታወቀ 20ደብሊው50 ወይም 40 ቁጥር ዘይት ይበቃል። መጠኑ በመለኪያው ዘንግ ላይኛው ምልክት ላይ ይሁን፤ 2.5 ሊትር ብቻ ከሚይዝ ሞተር ላይ የግማሽ ሊትር ጉድለት አምስተኛው እጅ ነው፤ የቀረው ዘይት ያንኑ ሙቀት ለብቻው ይሸከማል፤ በጥምዝ ላይም ወደ ጎን ሲሸሽ ፓምፑ አየር ሊስብ ይችላል። የፋብሪካው ሞተር የሽቦ ወንፊት እንጂ ፊልትሮ ስለሌለው ዘይቱን በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር፣ ወንፊቱንም አውጥቶ ማጠብ ይገባል። በጉዞው ላይ ከ120 አልፎ የቆየ ዘይት ግን ኪሎ ሜትሩ እስኪሞላ አይጠበቅም።

አንድ ነገር ብዙዎችን ያሳስታል፤ እርሱም ካርቡራተሩ ነው። በደጋው አየሩ ስለሚሳሳ የካርቡራተሩ ቅልቅል በቤንዚን ይበዛል፤ ስለዚህ ቤንዚን ለመቆጠብ ጂግለሩን፣ ማለትም ቤንዚኑን የምትመጥነውን ቀዳዳ፣ በአነስተኛ የሚያስለውጡ አሉ። ይህ ለባሕር ዳር ሊስማማ ይችላል። ነገር ግን የዓባይ ድልድይ በበረሃው ወለል ከ1,100 ሜትር በታች ባለ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ እዚያ ይወፍራል፤ በደጋ የተመጠነው ቅልቅል በዚያ ቤንዚን ያንሰዋል። ቤንዚን ያነሰው ቅልቅል ደግሞ በሙሉ ጭነት ቴስታታውንና ዘይቱን ያሞቃል፤ ያውም ዳገቱ በሚጀመርበት በዚያው ቦታ። ጂግለሩ ያነሰበት መኪና ከጉዞው በፊት ወደ ፋብሪካው ልክ ይመለስ። የማቀጣጠያው ሰዓትም፣ ማለትም ካንዴላው ብልጭታ የሚሰጥበት ቅጽበት፣ ለየሞተሩ በተወሰነው ልክ ላይ ይሁን፤ የዘገየም የቸኮለም ያሞቃል። የቫልቮቹ ክፍተት ሞተሩ ሙሉ በሙሉ በቀዘቀዘበት ጠዋት 0.15 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይስተካከል፤ የጠበበ ቫልቭ በደንብ ስለማይዘጋ ሙቀቱን ለቴስታታው የሚያስረክብበት ጊዜ ያጣል።

ተጨማሪ ማቀዝቀዣ ስለማስገጠም ለሚጠይቁኝ የምመልሰው፣ ከላይ ያሉት ሁሉ ሳይስተካከሉ ገንዘብዎን አያውጡ ነው። ከተስተካከሉ በኋላም ከባድ ጭነት የሚያመላልሱ ከሆነ የራሱ ቬንትሌተር ያለው ማቀዝቀዣ ከፊልትሮ ጋር ይጠቅማል፤ ብቻ የሚተፋው ትኩስ አየር ወደ ሞተሩ የአየር መግቢያ እንዳይመለስ ቦታው ይታሰብበት። ከሞተሩ ሥር የሚታሰረው ተጨማሪ የዘይት ጋን ግን ሙቀቱን ያዘገየዋል እንጂ ብዙም አያስወግደውም፤ በእኛ መንገድ ላይ ደግሞ ድንጋይ ያገኘዋል።

አሁን ወደ መንገዱ። ከደጀን ሲወርዱ ማርሹን አውጥተው በዜሮ አይንከባለሉ። በ2ኛ ወይም በ3ኛ ማርሽ፣ እግርዎን ከቤንዚኑ አንሥተው ይውረዱ፤ ሞተሩ ብዙ ቤንዚን ሳያቃጥል ቬንትሌተሩን ያዞራል፤ ፍሬኑም ይድናል። እንዲህ የወረደ መኪና ድልድዩ ጋ ሲደርስ ዘይቱ ከደጀኑ ቁጥር ዝቅ ብሎ ይገኛል። ይህ ለዳገቱ የተያዘ ስንቅ ስለሆነ ወደ ሽቅቡ በእርጋታ ይግቡ እንጂ በሩጫ አያባክኑት።

በዳገቱ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስሕተት ለሞተሩ ከማዘን የሚመጣ ነው። እኔም በመጀመሪያው ጉዞዬ ሞተሩ እንዳይጮህ ብዬ በ3ኛ ማርሽ ይዤ፣ ቤንዚኑን እስከ መጨረሻው ረግጬ፣ እያቃሰተ አወጣሁት። ቬንትሌተሩ የሚዞረው በሞተሩ ነው፤ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ነፋሱም ያንሳል። በ1500 እና በ1600 ቮልስ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲነዱ በ3ኛ ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ ከ1,800 ዙር በታች ይዞራል፤ በ2ኛ ማርሽ ግን 2,800 ገደማ ይደርሳል። መኪናው የሚወጣው በአንድ ፍጥነት ነው፤ ሥራውም አንድ ነው፤ ነፋሱ ግን በ60 በመቶ ያህል ይበልጣል። የዘይት ፓምፑም እንዲሁ በፍጥነት ስለሚዞር ዘይቱ በማቀዝቀዣው በኩል ቶሎ ቶሎ ያልፋል። ስለዚህ ሞተሩ መድከም ሳይጀምር፣ ገና ዳገቱ ሲታይ፣ ወደ 2ኛ ይቀንሱ፤ ቤንዚኑን ግማሽ ያህል ብቻ ይርገጡ፤ በሰዓት ከ40 እስከ 50 ባለው ፍጥነት ይርጉ። ከፊት የከባድ መኪና ሰልፍ ካለ ጭሱን እየተነፈሱ ከኋላው ከመለጠፍ ራቅ ብሎ መከተል ይሻላል። ከተቻለም ድልድዩን በማለዳ ማለፍ ነው፤ ከማለዳና ከቀትር የሚገኘው የአየር ልዩነት በጌጁ ላይ ያው ይታያል።

ጌጁን ሲያዩ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን አካሄዱንም ይከታተሉ። ቀስ ብሎ ወጥቶ 112 ላይ የረጋ ዘይት፣ 105 ላይ ሆኖ በየኪሎ ሜትሩ ሦስት ዲግሪ ከሚጨምር ዘይት ይልቅ ያስተማምናል። መጨመሩ ካላቆመ ፍጥነቱን በዐሥር ቀንሰው በዚያው በ2ኛ ማርሽ ይቀጥሉ፤ ጭነት ሲቀንስ ሙቀቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይመልሳል።

መቆም ግድ ከሆነ ሞተሩ ይጥፋ ወይስ አይጥፋ የሚለው የሚወሰነው በመብራቶቹ ነው። የዲናሞው ቀይ መብራት ከበራ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ ያለ ቺንጋ ነፋስ የለም፤ በዚያው ቅጽበት ሞተሩን ያጥፉ። የዘይት መብራት ሞተሩ እየዞረ ሳለ ከበራም እንዲሁ ወዲያው ያጥፉ፤ ቆሞ በዝግታ ሲሠራ ብልጭ ድርግም ብሎ፣ ትንሽ ቤንዚን ሲሰጠው ከጠፋ ግን ዘይቱ ቀጥኗል ማለት ነውና በጥንቃቄ ያቀዝቅዙ። ሁለቱም መብራቶች ጠፍተው ሙቀቱ ብቻ ከፍ ካለ ሞተሩን አያጥፉ። በመጀመሪያው ጉዞዬ ጎሃ ጽዮን ስደርስ ጌጁ 128 ላይ ነበር፤ ደንግጬ መንገድ ዳር ቆምሁና ቁልፉን ልዘጋ እጄን ሰደድሁ። አጠገቤ የጭነት መኪናቸውን ያቆሙ አንድ አዛውንት ሾፌር ጠጋ ብለው "ልጄ፣ አታጥፋው፤ ይተንፍስ። አሁን ብታጠፋው ሙቀቱ የት ይሄዳል?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ነፋሱ ይቆማል፤ በቴስታታው ውስጥ ያለው ሙቀት ግን መውጫ አጥቶ ወደ ዘይቱና ዘይት እንዳይፈስ መጋጠሚያዎቹን ወደሚደፍኑት ጓርኒሲዮኖች ይሰራጫል። ከስራ ፈት ዙሩ ጥቂት ከፍ አድርጌ፣ በ1,500 ዙር ገደማ፣ ሦስት ደቂቃ ያህል ያዝሁት፤ ጌጁ ወደ 115 ወረደ፤ ከዚያ አጠፋሁት። በውድድር ሜዳ ላይ የሚነዱ ሰዎች የመጨረሻውን ዙር በዝግታ የሚዞሩት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለእኛም ከጎሃ ጽዮን ወደ ገብረ ጉራቻ ያለው ደጋ ይህን ሥራ ይሠራል፤ መቆም ካላስፈለገ በ3ኛ ማርሽ፣ ያለ ችኮላ፣ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል እንዲሄድ ማድረግ ከመቆም ይበልጣል። በሚቀጥለው ጉዞ በዚያው ጭነት፣ በ2ኛ ማርሽ ስወጣ ከ113 አላለፈም።

አዲስ አበባ በደረሱ ማግስት ጠዋት፣ ሞተሩ እንደቀዘቀዘ፣ የመለኪያውን ዘንግ አውጥተው በነጭ ወረቀት ላይ ይጥረጉት። ዘይቱ ከጎደለ ስንት እንደጎደለ ይጻፉ። ጠረኑ የተቃጠለ ከሆነ፣ ወይም በወረቀቱ ላይ ጥቁርና ቀጭን ሆኖ ከተንጣለለ፣ ለመልሱ ጉዞ አይጠቀሙበት፤ እዚያው ያስቀይሩ። የሦስተኛውን ሲሊንደር ቫልቮች ክፍተትም እንደገና ይለኩ፤ ከባሕር ዳር ሲነሡ ከነበረው ጠብቦ ከተገኘ ስለ ዳገቱ ጌጁ ያልነገረዎትን እርሱ ይነግርዎታል፤ ሳይስተካከልም ወደ ጎሃ ጽዮን አይመለሱ።